2,147,483,647፦ ቤዝካምፕ ቁጥር ያለቀበት ቀን

ሐሙስ ጥቅምት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 8 ቀን 2018። ሰው ሥራ ሊጀምር ቤዝካምፕን ሲከፍት ሁሉም ነገር ቦታው ላይ አለ። የትናንቱ መልእክት አለ፣ ፋይሉ አለ፣ የሥራ ዝርዝሩ አለ። አዲስ ነገር ልጻፍ ሲል ግን እምቢ ይላል። ማንበብ ይቻላል፣ መጻፍ አይቻልም። እንዲህ ሆኖ ወደ 5 ሰዓት ገደማ ቆየ።

ቤዝካምፕን ለማታውቁት፣ ቡድኖች ሥራቸውን የሚያደራጁበት የድር አገልግሎት ነው። የቤዝካምፕ ሰዎች ዋና መሥሪያ ቤታቸው ቺካጎ ነበር። በኩባንያው ውስጥ ሩቢ ኦን ሬይልስ (በአጭሩ ሬይልስ) የተባለውን የድር አገልግሎት መሥሪያ ፍሬምወርክ የፈጠረው ዴቪድ ሃይንማየር ሃንሰን አለ፤ በጊዜው የቴክኖሎጂ ኃላፊው እሱ ነበር። ማለትም ስለ ዳታቤዝ የማያውቁ ሰዎች አይደሉም። ጉዳዩን ልጽፍበት የፈለግሁትም ለዚህ ነው። ለነሱ ያልቀረ ነገር ለማን ይቀራል?

የሆነው ነገር ሲነገር አጭር ነው። በቤዝካምፕ ውስጥ አንድ ሰው አስተያየት ሲጽፍ፣ ሥራ ሲጨርስ፣ ፋይል ሲጭን፣ እያንዳንዱ ድርጊት በአንድ ረጅም የክንውኖች ሰንጠረዥ ላይ ይመዘገባል። እያንዳንዱ መዝገብ ተከታታይ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። የዚያ መለያ ቁጥር ዓምድ ዓይነቱ ተራ ኢንቲጀር ነበር። ተራ ኢንቲጀር ደግሞ 2,147,483,647 ላይ ያልቃል። ያን ቀን ጠዋት ደረሰበትና አለቀ። ቀጣዩ ድርጊት ቁጥር የለውም። ቁጥር ከሌለው አይመዘገብም። ሁሉም ድርጊት በዚያ ሰንጠረዥ በኩል ስለሚያልፍ፣ ምንም አዲስ ነገር መጻፍ አልተቻለም።

ቁጥሩ ከየት መጣ? ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ ኢንት የሚባለው ዓይነት (ተራው ኢንቲጀር) 4 ባይት ይይዛል፤ 32 ቢት ማለት ነው። አንዱ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ይሄዳል። 31 ይቀራል። ሁለትን 31 ጊዜ ስታባዙት 2,147,483,648 ይመጣል፣ ዜሮም ስለሚቆጠር አንድ ቀንሱ። ምልክቱን ትታችሁ አንሳይንድ ብትሉት ወደ 4,294,967,295 ይወጣል፤ እጥፍ ብቻ ነው። ቢግኢንት ግን 8 ባይት ስለሆነ እስከ 9,223,372,036,854,775,807 ይሄዳል። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ረድፍ ብታስገቡ እንኳን ለመጨረስ 292 ሺህ ዓመት ገደማ ይፈጃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልንገራችሁ። በድሮ ሰንጠረዦች ላይ ኢንት ከጎኑ በቅንፍ 11 ተጽፎ ታያላችሁ። 11 አሃዝ ይይዛል ማለት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። እሱ የማሳያ ስፋት ብቻ ነው። በቅንፍ ውስጥ 5 ብትጽፉም 20 ብትጽፉም ዓምዱ 4 ባይት ነው፣ ጣሪያውም ያው ነው። ማይኤስኪውኤል ራሱ ከ8.0.17 ጀምሮ ይህን አጻጻፍ እንዳንጠቀም እያስጠነቀቀ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንድ ሰንጠረዥ እስከምን ድረስ ሊያድግ ይችላል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሁሉም የሚያነሣው የዳታቤዙን ትልቁን ጣሪያ ነው። በማይኤስኪውኤል፣ ዳታውን በሚያስቀምጠው ኢኖዲቢ በተባለው ክፍሉ፣ በተለመደው የ16 ኪሎባይት ገጽ፣ 64 ቴራባይት። ፖስትግሬስ በተባለው ሌላ ዳታቤዝ፣ በተለመደው የ8 ኪሎባይት ገጽ፣ ለአንድ ሰንጠረዥ 32 ቴራባይት። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። ግን እነዚህ ጣሪያዎች ጋ የሚደርስ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ሰው የሚቆመው ከዚያ በጣም በፊት ነው። የሚቆመውም በሰንጠረዡ ውስጥ ባለችው ጠባቧ ነገር ነው። ቤዝካምፕን ያቆመው የዲስክ መሙላት አይደለም፣ የሜሞሪ ማነስም አይደለም፣ በአንዲት ዓምድ ውስጥ የጎደለ 4 ባይት ነው። ለሁለት ቢሊዮን ረድፍ አራት አራት ባይት ቢጨመር ስንት ይሆናል? 8.6 ጊጋባይት ገደማ። መለያ ቁጥሩ በኢንዴክሶቹም (ፍለጋን በሚያፈጥኑት ማውጫዎች) ውስጥ ስለሚደገም እጥፍና ሦስት እጥፍ አድርጉት፤ አሁንም ስልካችሁ ላይ የሚያርፍ መጠን ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ እንደኔ ከሁሉም የሚያስፈራው ይሄ ነው። ሰንጠረዡ በዋዜማው የሚዘገይበት ምክንያት አልነበረም። ብዙዎቻችን ሰንጠረዥ ሲተልቅ ቀስ በቀስ እየዘገየ ይሄዳል፣ ሲዘገይ እናያለን፣ ስናይ እናስተካክላለን ብለን ነው የምናስበው። በመለያ ቁጥር አንድ ረድፍ ለመፈለግ ግን መጠኑ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ኢኖዲቢ ረድፎቹን የሚያስቀምጠው ቢ-ትሪ በሚባለው ዛፍ ነው። አንዱ የመሃል ገጽ ከሺህ በላይ ቅርንጫፍ ይይዛል። ስለዚህ በ100 ሚሊዮን ረድፍ ዛፉ 3 ደረጃ ከሆነ፣ በ2 ቢሊዮን 4 ደረጃ ቢሆን ነው። አንድ ገጽ ተጨማሪ ማንበብ ማለት ነው፤ የላይኞቹ ደረጃዎች ደግሞ ሁልጊዜ ሜሞሪ ውስጥ ስለሚገኙ ልዩነቱ አይሰማም። በተለይ እንዲህ ያለ የክንውን ሰንጠረዥ ላይ ሰው የሚያነበው በአብዛኛው የቅርቡን ነው። የቅርቡ ክፍል ሜሞሪ ውስጥ እስከተያዘ ድረስ የሦስት ዓመቱ ታሪክ ዲስክ ላይ ተኝቶ ማንንም አያስቸግርም።

ስለዚህ ትልቅ ሰንጠረዥ ከባድ ነው ሲባል ምን ላይ እንደሚከብድ መለየት ያስፈልጋል። አንድ ረድፍ ማስገባት አይከብድም። አንድ ረድፍ መፈለግም፣ ኢንዴክስ ካለው፣ አይከብድም። የሚከብደው መላውን ሰንጠረዥ የሚነካ ሥራ ነው። ሁሉንም ቁጠር ማለት፣ ከሚሊዮንኛው ረድፍ በኋላ ያለውን ገጽ አሳየኝ ማለት፣ የድሮውን ሰርዝ ማለት፣ ከባክአፕ መመለስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአንድን ዓምድ ዓይነት መቀየር። የመጨረሻውን በየቀኑ አናደርገውም። ክብደቱን የምናውቀውም ያደረግነው ዕለት ነው።

የዚያን ጠዋት ቅደም ተከተል ኩባንያው ራሱ ጽፎታል። ሰዓቱ በቺካጎ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 7:21 ማለት አዲስ አበባ ከቀኑ 10:21 ነበር። 7:21 ላይ የመጀመሪያው ማንቂያ መጣ። 7:29 ላይ ምክንያቱ ታወቀ። 8 ደቂቃ ነው፤ በጣም ፈጣን ነው፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ዓምዱን ከኢንት ወደ ቢግኢንት የሚቀይረውን ኮድ ጽፈው፣ በሙከራ ዳታቤዝ ላይ አስኪደው፣ 7:52 ላይ እውነተኛው ላይ ጀመሩት። እስከዚህ ግማሽ ሰዓት ነው። ግምታቸው ከሁለት ሰዓት በታች ነበር። የተጠናቀቀው 10:56 ላይ ነው። ከዚያ ዳታው ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ነበረባቸው፤ አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው።

ይህን ልብ በሉት። ችግሩን ለማወቅና መድኃኒቱን ለማዘጋጀት ግማሽ ሰዓት። መድኃኒቱ እስኪሠራ ሦስት ሰዓት። ያን ሦስት ሰዓት የበላው የሰው ስንፍና አይደለም፣ የሰንጠረዡ መጠን ነው። ዓለም ላይ ያለ ጎበዝ ኢንጂነር ሁሉ ቢሰበሰብ ያችን ትእዛዝ አያፈጥናትም።

ለምን እንዲህ ይረዝማል? በማይኤስኪውኤል የአንድን ዓምድ ዓይነት ስትቀይሩ ዳታቤዙ ባለበት አያሰፋውም። አዲስ ሰንጠረዥ በአዲሱ ቅርጽ ይፈጥራል፣ ረድፎቹን አንድ በአንድ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይገለብጣል፣ ኢንዴክሶቹን ሁሉ እንደገና ይሠራል፣ ሲጨርስ አሮጌውን በአዲሱ ይተካል። ይህ ሁሉ ሲሆን በሰንጠረዡ ላይ መጻፍ ተዘግቷል። ማንበብ ይቻላል። በአዲሶቹ የማይኤስኪውኤል ስሪቶች ዓምድ መጨመርን የመሰሉ አንዳንድ ለውጦች በቅጽበት ይሆናሉ፤ ከ8.0.12 ጀምሮ። የዓይነት ለውጥ ግን እንደዚያ አይሆንም፣ ዛሬም ይገለበጣል። ዋናው የመለያ ቁጥር ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው፤ ኢኖዲቢ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኢንዴክስ ውስጥ ዋናውን ቁልፍ ደግሞ ስለሚጽፈው፣ እሱን ስታሰፉ ሁሉም ኢንዴክስ አብሮ ይሰፋል።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ከ7:52 እስከ 10:56 ያለው 11,040 ሰከንድ ነው። የረድፉ ብዛት ከመለያ ቁጥሩ ጋር የተቀራረበ ከነበረ፣ በሰከንድ ወደ 195 ሺህ ረድፍ ተገልብጧል ማለት ነው። ይህ ደካማ ማሽን አይደለም። እንዲያውም እኛ ብዙ ጊዜ የምንሠራባቸው ሰርቨሮች ይህን ፍጥነት የሚያልሙት ነው። ሁለት ቢሊዮን ያለበት ሰንጠረዥ በሰከንድ 20 ሺህ በሚገለብጥ ማሽን ላይ ቢሆን 30 ሰዓት ገደማ ይወስድ ነበር። ከአንድ ቀን በላይ መጻፍ የማይችል ባንክ ወይም የክፍያ ሲስተም አስቡት።

ግምቱና እውነታው የተራራቁበትም ነገር በትልልቅ ሰንጠረዦች ላይ የተለመደ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሚሊዮኖች ይሮጣሉ። ኢንዴክሶቹ እያደጉ ሜሞሪ ውስጥ መያዝ ሲያቅታቸው ግን እያንዳንዱ ማስገባት ዲስክ መንካት ይጀምራል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። የመጀመሪያውን 10 በመቶ ለክቶ በ10 ማባዛት ሁልጊዜ ያሳስታል። ሌላም ጣጣ አለ፦ በተለመደው አሠራር ሪፕሊካዎቹ (የዋናውን ዳታ ቅጂ የሚይዙት ሰርቨሮች) ይህን ትእዛዝ መፈጸም የሚጀምሩት ዋናው ሰርቨር ከጨረሰ በኋላ ነው። ዋናው ሦስት ሰዓት ከወሰደበት እነሱም ያን ያህል ወደኋላ ይቀራሉ።

አቋራጭ አልነበረም ወይ? ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያነሣው ወደ አንሳይንድ ለምን አልቀየሩትም ነው። እሱም የዓይነት ለውጥ ነው፣ እሱም ይገለበጣል፣ ያው ሦስት ሰዓት። በፖስትግሬስ ሰዎች አንዳንዴ የሚያደርጉት ዘዴ አለ፤ ቁጥር ሰጪውን ከዜሮ በታች ከ -2,147,483,648 ጀምሮ እንዲቆጥር ማድረግ። ሁለት ቢሊዮን ተጨማሪ ቁጥር በአንድ ደቂቃ ታገኛላችሁ። ግን የማይኤስኪውኤል ኦቶ ኢንክሪመንት (ቁጥሩን በራሱ እየጨመረ የሚሰጠው) ከዜሮ በታች አይሠራም። ደግሞ በመለያ ቁጥር ቅደም ተከተል የሚያሳይ ማንኛውም ገጽ አዲሱን ከአሮጌው በፊት ያስቀምጠዋል።

ሌላው አማራጭ ባዶ አዲስ ሰንጠረዥ በቢግኢንት ፈጥሮ፣ ስም ተለዋውጦ፣ አዲሱ ሥራ ወዲያው እንዲቀጥል አድርጎ፣ ታሪኩን ከኋላ ቀስ እያሉ መሙላት ነው። ለአንዳንድ ሲስተም ይህ ያዋጣል፤ የድሮ ታሪክ ለጥቂት ሰዓት ባይታይ ማንም የማይሞትበት የሎግ ሰንጠረዥ ከሆነ እኔም ይህንኑ ነው የምመርጠው። ሁሉም ነገር በሚንጠለጠልበት ሰንጠረዥ ላይ፣ በጭንቀት ሰዓት፣ ሳይሞከር እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ ግን ዳታ ማበላሸት ሊያስከትል ይችላል። ቤዝካምፖች ቀስ ያለውን ግን ውጤቱ የታወቀውን መንገድ መረጡ። ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ተጠቃሚው ጽሑፉን አላጣም፣ ጊዜ ነው ያጣው።

ታዲያ ቀድሞ ለምን አልታየም? ቤዝካምፕ 3 የወጣው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2015 ነው። በዚያን ጊዜ ሬይልስ ለሚፈጥረው ሰንጠረዥ ሁሉ መለያ ቁጥሩን በነባሪ ኢንት ነበር የሚያደርገው። በ2017 የወጣው ሬይልስ 5.1 ይህን ቀይሮ ነባሪውን ቢግኢንት አደረገው። ስለዚህ የሬይልስ ማኅበረሰብ ጉዳዩን ያውቀው ነበር፤ ተወያይቶበት፣ ወስኖበት፣ አስተካክሎታል። ግን ለአዲስ ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ፍሬምወርኩን ብታሻሽሉም ቀድሞ የተፈጠረ ሰንጠረዥ አይነካም። እንዲያውም የድሮ ማይግሬሽን ፋይሎች (ሰንጠረዥ የሚፈጥሩና የሚቀይሩ ኮዶች) የስሪት ምልክት ስላላቸው፣ ከዜሮ ብታስኬዱአቸውም ሆን ተብሎ የድሮውን ኢንት ነው የሚፈጥሩት። ሃይንማየር ሃንሰን በዚያው ቀን በጻፈው ማብራሪያ ነገሩ ሊቀር የሚችል እንደነበር ገልጾ፣ ማስጠንቀቂያውን ሳይሰሙ መቅረታቸውን በግልጽ አምኖ፣ ኃላፊነቱን በራሱ ላይ ወስዷል። እንዲህ ያለ ግልጽነት ከስንት አንድ ነው የሚገኘው። ሰዓት በሰዓት ጽፈው ባያስቀምጡት ኖሮ ዛሬ እኛ የምንማርበት ነገር አይኖርም ነበር።

እናካፍለው እስቲ። ከ2015 እስከ 2018 ሦስት ዓመት ነው። 2.147 ቢሊዮንን ለሦስት ዓመት ብታካፍሉት በቀን 2 ሚሊዮን ገደማ፣ በሰከንድ ወደ 23 ይደርሳል። 23! ይህ ለማንም የሚያስደነግጥ ጭነት አይደለም። ተራ ላፕቶፕ ይችለዋል። ግራፉን የሚያይ ሰው ምንም ቀይ ነገር አያይም። የሰርቨሩ ጭነት ጤነኛ ነው፣ ዲስኩ ቦታ አለው፣ ምላሹ ፈጣን ነው። እስከ 7:20 ድረስ።

ይህ ታሪክ አዲስም አልነበረም። በኖቬምበር 2006፣ ከቤዝካምፕ 12 ዓመት በፊት፣ ስላሽዶት የተባለው የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጽ 16,777,216ኛው አስተያየት ላይ ሲደርስ ተመሳሳይ ነገር ገጠመው። የ3 ባይቱ አንሳይንድ ሚዲየምኢንት ጣሪያ 16,777,215 ነው፤ በአንድ አለፉት። የሚገርመው እነሱ ዋናውን የመለያ ዓምድ ከዓመታት በፊት አስፍተውት ነበር። የረሱት፣ ይህ አስተያየት ለየትኛው አስተያየት መልስ ነው የሚለውን የሚይዘውን ዓምድ ነው። የወላጁን ቁጥር የሚይዘው ጠባብ ሆኖ ቀረ። ለማስተካከል ሰንጠረዡን ከሦስት ሰዓት በላይ መዝጋት ያስፈልግ ስለነበር፣ የዚያን ቀን መልሶችን በየሥራቸው ማያያዝ አቁመው ዋሉ። 16 ሚሊዮን ረድፍ ብቻ፣ ሦስት ሰዓት። በ2018 ማሽኑ እጅግ ፈጥኗል፣ ግን ሰንጠረዡም ከመቶ እጥፍ በላይ አድጓል፤ ጥበቃው ያው ሦስት ሰዓት ሆነ።

ከስላሽዶት የሚወሰደው ነገር ለሥራ በጣም ይጠቅማል፦ ዋናውን ዓምድ ማስፋት ግማሽ ሥራ ነው። ያንን ቁጥር የሚጠቅሱ ሌሎች ሰንጠረዦች ውስጥ ያሉ ዓምዶች ሁሉ አብረው መስፋት አለባቸው። ፎሪን ኪይ (አንዱን ሰንጠረዥ ከሌላው ጋር የሚያስተሳስር ደንብ) ካለ ዳታቤዙ ራሱ ልዩነቱን አይቶ ይጮህባችኋል። ፎሪን ኪይ ከሌለ፣ እና በብዙ ሲስተም የለም፣ ማንም አይነግራችሁም። ዳታቤዙን ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ ኮዱ አለ። ጃቫ ውስጥ ያ ቁጥር ኢንት ሆኖ የተጻፈ ከሆነ ዳታቤዙ ቢሰፋም ኮዱ እዚያው 2,147,483,647 ላይ ይወድቃል። በሰው ስልክ ላይ የተጫነ የአንድሮይድ አፕ ከሆነ ደግሞ ሰው ሁሉ እስኪያሻሽል መጠበቅ አለ። ጃቫስክሪፕትም የራሱ ጣሪያ አለው፤ ከ9,007,199,254,740,991 በላይ ያለን ሙሉ ቁጥር በተራ ቁጥርነቱ በትክክል አይይዝም። በተራ ቆጠራ እዚያ አትደርሱም፣ ጊዜና የሰርቨር ቁጥር ቀላቅለው መለያ የሚያመርቱ ሲስተሞች ግን በቀላሉ ይደርሳሉ።

የራሳችሁን ሲስተም ለማየት ብዙ ድካም የለውም። ማይኤስኪውኤል 5.7 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ስሪቶች ሲስ በሚባለው ስኪማ ውስጥ የኦቶ ኢንክሪመንት ዓምዶችን ሁሉ የሚያሳይ ዝግጁ ቪው አላቸው። እያንዳንዱ ከጣሪያው ስንት እጁን እንደተጠቀመ በሬሾ ያስቀምጥላችኋል። አንድ ሴሌክት ነው። በፖስትግሬስ ደግሞ የሲኩዌንሶቹን (የቁጥር ሰጪዎቹን) የመጨረሻ ዋጋ ከዓምዱ ዓይነት ጋር ማነጻጸር ነው፤ ጠንቀቅ በሉ፣ ሲኩዌንሱ ቢግኢንት ሆኖ ዓምዱ ኢንት ሊሆን ይችላል። ሲኩዌንሱን ብቻ ያየ ሰው ሰላም ነው ብሎ ይተኛል።

ደግሞ የረድፍ ብዛት አይታችሁ አትጽናኑ። ቁጥር ማለቅና ረድፍ መብዛት አንድ አይደሉም። የተሰረዘ ረድፍ ቁጥሩን አይመልስም። የከሸፈ ትራንዛክሽንም የወሰደውን ቁጥር አይመልስም። በተለይ ካለ አሻሽል ከሌለ አስገባ የሚለው አጻጻፍ፣ ማሻሻያ ብቻ ቢሆንም እንኳን በኢኖዲቢ በየጊዜው ቁጥር ያቃጥላል። ለምሳሌ 50 ሺህ ዕቃዎች ያሉት የዋጋ ሰንጠረዥ በየ5 ደቂቃው እንዲህ ቢታደስ በቀን 14.4 ሚሊዮን ቁጥር ይበላል። 50 ሺህ ረድፍ ብቻ ያለው ሰንጠረዥ 5 ወር ሳይሞላው ጣሪያውን ይነካል። ማንም ትልቅ ነው ብሎ የማያስበው ሰንጠረዥ ነው እኮ።

ቀድሞ ያወቀ ሰው አገልግሎት ሳያቆም ማስፋት ይችላል። ፐርኮና የተባለው ኩባንያ የሠራው ፒቲ-ኦንላይን-ስኪማ-ቼንጅ የተባለ መሣሪያ አለ፣ ጊትሃብ በፈረንጆቹ 2016 ለሁሉም ክፍት ያደረገው ጂኤች-ኦስት አለ። የሁለቱም ሐሳብ አንድ ነው፤ ሰው እየኖረበት ካለ ቤት ጎን ሌላ ቤት ሠርቶ፣ ዕቃውን በጥቂት በጥቂቱ አጓጉዞ፣ መጨረሻ ላይ የበሩን ቁጥር መለዋወጥ። የፐርኮናው አዳዲስ ለውጦችን በትሪገር (ለውጥ ሲኖር በራሱ በሚሠራ ትእዛዝ) ይከታተላል፣ ጂኤች-ኦስት ከባይናሪ ሎግ (ዳታቤዙ ለውጦችን ከሚመዘግብበት ፋይል) ያነባል። ሦስት ሰዓት ሳይሆን ሦስት ቀን ሊወስድ ይችላል፣ ግን ተጠቃሚው አያውቅም። ሁለት ነገር ግን ይያዝልኝ። ለጊዜው የሰንጠረዡን እጥፍ የዲስክ ቦታ ይፈልጋል፤ 800 ጊጋባይት ሰንጠረዥ በ1 ቴራባይት ዲስክ ላይ ካላችሁ መጀመሪያ ዲስክ ግዙ። ፎሪን ኪይ ያለበት ሰንጠረዥ ላይ ደግሞ ጂኤች-ኦስት በተለመደው አሠራሩ እምቢ ይላል፣ የፐርኮናውም ጥንቃቄ ይጠይቃል። እና ይህ መንገድ የሚሠራው ቁጥር ገና ሳለ ነው። ቁጥሩ ካለቀ በኋላ አገልግሎቱ ስለቆመ፣ በቀስታ መገልበጥ የሚባል ነገር ትርጉም የለውም።

መከፋፈልስ? በወር በወር ፓርቲሽን ማድረግ የድሮውን ለመጣል ድንቅ ነው። ቢሊዮን ረድፍ በዲሊት ከመሰረዝ አንድ ፓርቲሽን መጣል በማይነጻጸር ሁኔታ ይፈጥናል፣ የዲስክ ቦታውም ይመለሳል። የመለያ ቁጥር ጣሪያን ግን አይነካውም፤ ሁሉም ፓርቲሽኖች አንድ ቆጣሪ ነው የሚጋሩት። ኢኖዲቢ ላይ ፓርቲሽን ያለው ሰንጠረዥ ፎሪን ኪይ እንደማይቀበልም ቀድማችሁ እወቁ። ዩዩአይዲ (ቆጣሪ የማይፈልግ ረጅም ልዩ መለያ) እንጠቀም የሚል ሰውም አይጠፋም። ቁጥር አያልቅበትም፣ እውነት ነው፣ ግን 16 ባይት ነው፣ በዘፈቀደ የተሠራ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ረድፍ ሁልጊዜ ከዛፉ የተለያየ ቦታ ላይ ስለሚገባ ትልቅ ሰንጠረዥ ላይ ማስገባትን በእጅጉ ያዘገያል። ከኢንት ሸሽቶ እዚያ መግባት አያስፈልግም። ቢግኢንት በቂ ነው።

ለአዲስ ሰንጠረዥ ነገሩ ቀላል ነው፣ ሳታስቡ ቢግኢንት አድርጉት። በጭራሽ አይሞላም የምትሉት የክልሎች ዝርዝር ወይም የተጠቃሚ ዓይነት ቢሆን ኢንት ይበቃዋል፣ እዚያ ግትር አልሆንም። ከሰው የተረከባችሁት የቆየ ሲስተም ከሆነ ግን፣ እዚህ አገር አብዛኞቻችን የምንሠራው ደግሞ እንዲህ ያለው ላይ ነው፣ መጀመሪያ የምታዩአቸው የሎግ፣ የኖቲፊኬሽን፣ የኤስኤምኤስ፣ የኦዲት እና የክንውን ሰንጠረዦች ይሁኑ። ማንም በስም የማይጠራቸው፣ ግን ሌላው ሁሉ ሲጽፍ እነሱም የሚጻፍባቸው ናቸው። የዛሬውን ከፍተኛ ቁጥር ያዙ፣ የዛሬ ወር የነበረውን ከባክአፕ አውጡ፣ እስከ ጣሪያው የቀረውን ቁጥር ለልዩነቱ አካፍሉ። የሚመጣው መልስ ስንት ወር እንደቀራችሁ ነው። ከ12 በታች ከሆነ በዚህ ሳምንት ሥራውን ጀምሩት፤ ለመገልበጥ፣ የሚጠቅሱትን ዓምዶች ለማግኘት፣ ኮዱን ለማስተካከልና አፑን ለማሻሻል የሚወስደው ጊዜ ሲደመር ከምታስቡት በላይ ነው። ከ12 በላይ ከሆነም ሬሾው 50 በመቶ ሲያልፍ ማንቂያ እንዲልክ አድርጉ። 90 ላይ የሚጮህ ማንቂያ በፍጥነት ለሚያድግ ሰንጠረዥ በጣም ዘግይቷል፤ ተጠቃሚዎቹ በየዓመቱ እጥፍ እየሆኑ ላለ አገልግሎት የመጨረሻው 10 በመቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው የሚያልቀው።